የዶሃ ማራቶን
እሱ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የዶሃ ዓለም ሻምፒዮና፣ የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ሽሽት እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ያም ሆኖ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም የእኛ ልጆች ጭምር። ውሃ እኮ በየጣቢያው ነበር!

እሷ፦ ውሃ ብቻውን ምን ያደርጋል? ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከታጨቀ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም።

እሱ፦ ታዲያ አብዝቶ መጠጣት ነዋ!

እሷ፦ ኧረ ቀስ! ለሰዓታት እየሮጡ ውሃ ብቻ ማንቆርቆር የደምን ጨው ያቀጥናል፤ ሊገድልም ይችላል። ሲጠማ ጥቂት ጥቂት መጎንጨት፣ ሩጫው ከረዘመ ደግሞ ጨው ያለበት መጠጥ። ሮጣችሁ ስትመለሱ ክብደታችሁ ከጨመረ ከልክ በላይ ጠጥታችኋል።

እሱ፦ ሌሊሳ ዴሲሳ ግን ከሳምንት በኋላ እዚያው በወንዶች ማራቶን ወርቅ አጠለቀ።

እሷ፦ ጀግና ነው! አየሩም ያን ሌሊት ትንሽ ቀለል ብሎለት ነበር።