የሞዴል ሥራ ዋጋና የወጣቱ እጅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)




በ1952 በእንግሊዝ አገር በዉልዎርዝ መደብሮች አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መርከብ ለሽያጭ ቀረበች። መርከቢቱ ፍራንሲስ ድሬክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዓለምን የዞረባት የ«ጎልደን ሃይንድ» ሞዴል ነበረች። አምራቹም ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ በ1939 ያቋቋመው ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ ነው። ክፍሎቹ ተለያይተው የሚሸጡ ሲሆን፣ ገዢው በገዛ እጁ እየገጣጠመና እያጣበቀ መርከቢቱን ይሠራ ነበር። ዋጋዋ 2 ሺልንግ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመርከቢቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ዋጋው የተወሰነበት መንገድ ነው። መደብሩ ለደንበኞቹ የሚስማማውን ዋጋ አስቀድሞ ቆረጠ፤ አምራቹም ዕቃውን በዚያ ዋጋ ልክ አዘጋጀ። 2 ሺልንግ የካርቶን ሣጥንን ወጪ ስለማይችል ሣጥኑ ቀረና መርከቢቱ በፕላስቲክ ከረጢት ገባች፤ የአሠራሩ መመሪያም በከረጢቱ አፍ ላይ በተሰፋው ወረቀት ላይ ታተመ። በአጭሩ፣ መጀመሪያ የታሰበው የልጁ ኪስ ነበር፤ ዕቃው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ውስጥ የሚሰማው የዋጋ እሮሮ ሁሉ መነሻው ይህ ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሥራው ለማያውቀው ሰው ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሞዴል መሥራት አንድን ታላቅ ነገር በተወሰነ ልክ አሳንሶ፣ ምጣኔውን ሳያዛቡ መልሶ መገንባት ነው። በአውሮፕላን ሞዴሎች ዘንድ የተለመደው 1/72 ለምሳሌ በእንግሊዝ መለኪያ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን የሚወክልበት ልክ ነው። 9 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን በዚህ ልክ ሲሠራ ከ13 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ይህን የሚሠራ ልጅ ንድፍ ማንበብን፣ የሥራን ቅደም ተከተል መጠበቅን፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ መታገሥን፣ ያበላሸውንም አርሞ እንደገና መጀመርን ይማራል። እነዚህም መሐንዲስም ሆነ የእጅ ባለሙያ ያለ እነርሱ ሊሠራ የማይችልባቸው ልማዶች ናቸው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ ቢባል፣ በቅድሚያ ሚዛኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። የቀድሞው 2 ሺልንግ የእንግሊዝ ገንዘብ በ1971 በአሥር አሥር ሲከፋፈል 10 ፔንስ ሆኗል። ይህን ይዞ ከዛሬው ዋጋ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ግን ስሕተት ነው፤ የገንዘቡ የመግዛት ኃይል ሲታሰብ የዚያን ጊዜው 2 ሺልንግ ዛሬ ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ገደማ ይሆናልና። በዛሬው ገበያ አንድ አነስተኛ የ1/72 አውሮፕላን 10 ፓውንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ጭማሪው አማራሪዎች እንደሚሉት መቶ እጥፍ ባይሆንም፣ እውነተኛ ጭማሪ መሆኑ አይካድም። በሌላ በኩል የድሮው ሞዴል ክፍሎቹ ጥቂት፣ መጋጠሚያውም ሻካራ ነበር፤ የዛሬው ግን ብሎኑ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። ገዢው ብዙ ይከፍላል፤ የሚያገኘውም ብዙ ነው።

ታዲያ ዋጋው ለምን ወጣ? ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠቁመው ፕላስቲኩን ነው። ሞዴሎቹ የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚገኝ ስለሆነ፣ በ1973 የዘይት ቀውስ የአንድ በርሚል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሲያድግ የሞዴል ፋብሪካዎችም መናወጣቸው አልቀረም። ይሁን እንጂ በአንድ አነስተኛ ሣጥን ውስጥ ያለው ፕላስቲክ በግራም የሚቆጠር ነው። ዋናው ወጪ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱም የቀለጠው ፕላስቲክ በኃይል የሚገፋበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ በፋብሪካ ሰዎች አነጋገር ሞልዱ ነው።

ሞልድ ሠሪው አንድም ሞዴል ሳይሸጥ ሙሉ ሂሳቡን ይቀበላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሞልድ 100,000 ፓውንድ ፈጀ እንበል። ከእርሱ የወጡት ሞዴሎች 100,000 ገዢ ካገኙ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ወጪ 1 ፓውንድ ነው፤ ገዢዎቹ 10,000 ብቻ ከሆኑ ግን 10 ፓውንድ ይሆናል። ብረቱ ያው ነው፤ ፕላስቲኩም ያው ነው፤ የተለወጠው የገዢው ቁጥር ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ የሞዴልን ዋጋ የሚወስነው ከምንም በላይ የገዢው ብዛት ነው ማለት ይቻላል።

የጃፓኑ ታሚያ ይህን ሕግ የተማረው ገና ከጅምሩ ነው። በሺዙኦካ ከተማ በ1946 በእንጨት ንግድ የጀመረው ይህ ድርጅት፣ ወደ እንጨት ሞዴል ከተሸጋገረ በኋላ በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል፣ ያማቶ የተባለውን የጦር መርከብ አወጣ። ነገር ግን ተወዳዳሪው ያንኑ መርከብ በርካሽ በማቅረቡ ታሚያ የሞልዱን ወጪ መመለስ አቃተው። ድርጅቱን ያቆመው በ1961 ያወጣው በሞተር የሚሄደው የፓንተር ታንክ ነበር፤ ልጆች ሊገዙት የሚችሉና የሚወዱት ሆነና ተሸጠ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው የ1/35 ልክ የመጣውም ከዚህ ታንክ ነው፤ ልኩ የተመረጠው ሞተሩና ባትሪው በታንኩ ሆድ ውስጥ እንዲገቡ ታስቦ ነው።

የገዢው ቁጥር ሲመናመን ምን እንደሚሆን ደግሞ የኩባንያዎቹ ታሪክ ይመሰክራል። ኤርፊክስ በ1981 ከሰረ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2006 ባለቤቱ ሃምብሮል ሲወድቅ በሆርንቢ ተገዛ። በአሜሪካም የሬቬል ባለቤት የነበረው ሆቢኮ በ2018 መክሰሩን አስታወቀ። ለልጆች ከረጢቱን በየከተማው ይሸጥ የነበረው የእንግሊዙ ዉልዎርዝ ራሱ በጥር 2009 የመጨረሻውን በር ዘጋ። በዚህም ልጁ ከረሜላ ሊገዛ ገብቶ ሳያስበው ሞዴል ይዞ የሚወጣበት ሱቅ ጠፋ።

ከዚህ በላይ ልዩ ልዩ ወጪዎች ተደራርበዋል። የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካዎች ስማቸውና ቅርጻቸው ለሞዴል ሲውል የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃሉ። እንግሊዝ በ2021 መጀመሪያ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ከውጭ በፖስታ የሚመጡ አነስተኛ ዕቃዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የሚሆኑበትን ደንብ አንሥተዋል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የሚደርሱ ጥቅሎች ያለ ቀረጥ የሚገቡበትን ደንብ በነሐሴ 2025 ለሁሉም አገሮች አስቀርታለች። ሞዴል ሠሪው ከጃፓን ወይም ከቻይና በቀጥታ ያስመጣ የነበረው ዕቃ በመሆኑ፣ አንድ ሣጥን አሁን ሦስት ዋጋ ተሸክሞ ይደርሰዋል፤ የዕቃውን፣ የማጓጓዣውንና የቀረጡን።

በእንጨት የሚሠሩትም አልዳኑም። ለበራሪ ሞዴሎች የሚመረጠው ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት በአብዛኛው የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ይኸው እንጨት ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ታላላቅ መዘውሮችን ክንፍ ለመሙላትም ስለሚያገለግል፣ በ2020 ገደማ በተለይ በቻይና ግንባታው ሲስፋፋ እንጨቱ ተሻምቶ ዋጋው ናረ። አንድ ልጅ የሚያስወነጭፈው ትንሽ አውሮፕላን ከግዙፍ የኃይል ማመንጫ ጋር በአንድ ገበያ ተሰልፎ ተጫረተ ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ አንድ የታወቀ መልስ አለ። «ሞዴል ውድ አይደለም፤ 50 ፓውንድ የወጣበት ሣጥን 50 ሰዓት ያሠራል፤ አንድ ፓውንድ ለአንድ ሰዓት ደስታ ምን ይበዛዋል?» ይላሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን የደመወዝተኛ ስሌት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ገንዘቡን የሚቆጥረው በሰዓት አካፍሎ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ባለው ሳንቲም ነው። ዋጋው ከኪሱ በላይ ከሆነ ሰዓቱ ቢበዛም ለእርሱ ምንም አይደለም፤ ሥራውን ሳይጀምረው ይቀራልና።

ዋናው አደጋም እዚህ ላይ ነው። ልጆች ሲቀሩ አምራቹ ዓይኑን በዕድሜ ወደ ገፉትና ገንዘብ ወዳላቸው ደንበኞች ያዞራል። እነርሱ የሚፈልጉት ረቂቅና ትልቅ ሞዴል ስለሆነ ክፍሎቹ ይበዛሉ፤ ሞልዱ ይወደዳል፤ ዋጋው ይጨምራል። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ሌሎች ልጆች ይቀራሉ። የዛሬዎቹ አንጋፋዎች ሲያልፉ የሚተካቸው ከየት ይመጣል? ዋጋው የወጣበት ዕቃ ኋላ ሊረክስ ይችላል፤ በጊዜው ያልሠለጠነ እጅ ግን ተመልሶ አይሠለጥንም።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በየሰፈሩ ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሲሠሩ፣ ቆርኪውን ጎማ ሲያደርጉ ያላየ የለም። የሥነ ሕንፃ ተማሪም በካርቶንና በማጣበቂያ የሕንፃውን ሞዴል ሳይሠራ አይመረቅም። ከውጭ የሚመጣው ተገጣጣሚ ሞዴል ግን ድሮም ብርቅ ነበር፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ይበልጥ ራቀ። በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ 1,700 ብር ያህል ይገመት የነበረው የ30 ዶላር ሣጥን ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ ከ3,000 ብር በላይ ሆኗል። ሽቦውና ቆርኪው ግን ዛሬም አሉ። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ቢኖር ልክ ነው፤ እርሱንም ማስመሪያ የያዘ አንድ ታላቅ ወንድም ወይም መምህር በግማሽ ቀን ሊያስተምር ይችላል።

ስለዚህ መፍትሔው የሚጠበቀው ከፋብሪካ ብቻ አይደለም። አምራቾች ወጪያቸው ከተመለሰ ቆይቶ የተቀመጡ የድሮ ሞልዶችን እንደገና እያሠሩ ለጀማሪዎች በዝቅተኛ ዋጋ ማቅረብ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም ቀለምና ማጣበቂያ እያከሉ ይህን ያደርጋሉ። ማኅበራት የቀለም መርጫና ኮምፕሬሰርን የመሳሰሉ ውድ መሣሪያዎችን በጋራ ገዝተው ማስጠቀም ይችላሉ። በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኘው ሦስት ገጽታ አታሚ መሣሪያም ሞልድ የሚባለውን ወጪ ጨርሶ ስለሚያስቀር፣ ንድፍ መሥራት ለሚችል ባለሙያ አዲስ በር ከፍቷል።

ከሁሉ በፊት ግን አንጋፋዎቹ ሞዴል ሠሪዎች ቁም ሣጥናቸውን ቢመለከቱ መልካም ነው። በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ዋጋ ይጨምራል በሚል ሥጋት ተገዝተው ከዓመት ዓመት ሳይከፈቱ የሚደረደሩ ሣጥኖች ጥቂት አይደሉም። ዋጋ ናረ እያለ የሚያማርር ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ የማይጨርሰውን ክምር ሲያካብት፣ ከጎኑ ያለው ልጅ አንዲት ሣጥን ያጣል። ከዚያ ክምር አንዱ ለአንድ ልጅ ቢሰጥ፣ ከሣጥኑም ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢጨመርበት፣ የትኛውም ፋብሪካ ሊያደርገው የማይችለው ቅናሽ ይሆናል።

በ1878 ጳጳሱ ሚልተን ራይት ከመንገድ ሲመለሱ ለሁለት ልጆቻቸው አንድ መጫወቻ ይዘው መጡ። አልፎንስ ፔኖ የተባለው ፈረንሳዊ ባወጣው ንድፍ ከሸንበቆ፣ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራ፣ በተጠማዘዘ ላስቲክ ኃይል ወደ ላይ የሚነሣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ነበር። ዊልበር 11፣ ኦርቪል 7 ዓመታቸው ነበር። መጫወቻው ሲሰበር ልጆቹ ሌላ አልተገዛላቸውም፤ ራሳቸው ሠሩ። አስፋፍተው በሠሩትም ጊዜ ትልቁ እንደ ትንሹ አልበር አላቸው፤ ልክ ሲለወጥ ኃይልና ክብደት በአንድ ዓይነት እንደማያድጉ ያን ጊዜ በእጃቸው ዳሰሱ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1903፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በሞተር ኃይል የሚበር አውሮፕላን ሰው አሳፍረው አበረሩ።

ያ መጫወቻ ውድ አልነበረም፤ ለሁለት ልጆች እጅ ግን በጊዜው ደርሷል።