አስጠኚ ወይስ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤት? የእንግሊዝ ወላጆች ምርጫና የመምህራን ምክር



ልጅን የተሻለ ትምህርት ቤት የማስገባት ሐሳብ በየአገሩ ያለ ወላጅ ሁሉ ሐሳብ ነው። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ አካባቢዎች ግን ይህ ሐሳብ ቀን የተቆረጠለት ነው። በኬንትና በበኪንግሃምሻየር አውራጃዎች፣ እንዲሁም በለንደን ዙሪያ ባሉ እንደ ሳተን በመሳሰሉ ወረዳዎች ገና አሥር ዓመት የሞላቸው ሕፃናት በሴፕቴምበር ወር «ኢሌቨን ፕላስ» የሚባለውን ፈተና ይፈተናሉ። ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ክፍያ ወደሌለበት፣ ዳሩ ግን ተማሪዎቹን መርጦ ወደሚቀበል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ይኸውም ወደ «ግራመር ስኩል» ሊገባ ይችላል። ያላለፈው ሌላ ትምህርት ቤት ይፈለግለታል።

ለዚህ ቀን ለመዘጋጀት አቅሙ ያለው ወላጅ ሁለት መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው ልጁን በግል መሰናዶ ትምህርት ቤት ማስተማር ሲሆን፣ ሁለተኛው በመንግሥት ትምህርት ቤት አቆይቶ አስጠኚ መቅጠር ነው። እዚህ ላይ የቃሉን ትርጉም መለየት ያሻል። በኢትዮጵያ «መሰናዶ» ሲባል ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁት 11ኛና 12ኛ ክፍሎች ይታሰባሉ፤ በእንግሊዝ አገር ግን እስከ 11 ወይም እስከ 13 ዓመት ያሉ ሕፃናትን የሚያስተምር፣ የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት ማለት ነው። በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም በዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማሉ። አገር ቤት ያለ መምህር ዘመዳቸውን ምክር ቢጠይቁ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ መመርመር ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈተናው የተስፋፋው የ1944ቱ የትምህርት ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ሕፃናት በ11 ዓመታቸው ተለይተው ገሚሶቹ ወደ ግራመር ስኩል፣ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲሄዱ ተደረገ። ለዚህ አሠራር ድጋፍ ከሰጡት አስተሳሰቦች አንዱ የማሰብ ችሎታ በአብዛኛው ከትውልድ የሚወረስና በፈተና የሚለካ ነው የሚለው ነበር። የዚህ አስተሳሰብ ዋና አራማጅ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲሪል በርት በ1971 ከሞተ በኋላ፣ ስለ መንታ ልጆች ያሳተማቸው አኃዞች እምነት የማይጣልባቸው መሆናቸው በ1970ዎቹ ተገለጠ። ከዚያም በፊት ቢሆን ጥርጣሬ ነበር። ፊሊፕ ቬርነን በ1950ዎቹ ልምምድና ሥልጠና የፈተናውን ውጤት ከፍ እንደሚያደርጉ አሳየ። በ1957 የቀረበ የየትስና የፒጀን ጥናት ደግሞ የተሻለው የምርጫ ዘዴ እንኳ ሥራ ላይ ቢውል ከ100 ሕፃናት ወደ 10 የሚሆኑት ያለቦታቸው እንደሚመደቡ ገመተ።

በ1965 መንግሥት ምርጫው እንዲቀር የአካባቢ ባለሥልጣኖችን በመጠየቁ፣ ቀድሞ ወደ 1,300 ገደማ የነበሩት ግራመር ስኩሎች ቁጥራቸው እየተመናመነ ሄደ። የ1998ቱ ሕግም አዲስ እንዳይከፈት ከለከለ። ዛሬ በመላው እንግሊዝ የቀሩት 163 ብቻ ናቸው። በር ሲጠብ ግፊያ እንደሚበዛ ሁሉ፣ የዝግጅቱም ሩጫ በዚያው መጠን በረታ።

የፈተናው ይዘት እንደየአካባቢው ቢለያይም በአብዛኛው እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ እንዲሁም በቃላትና በምስል አማካይነት የማመዛዘን ችሎታን የሚለኩ ጥያቄዎች ይገኙበታል። እነዚህ የማመዛዘን ጥያቄዎች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ የላቸውም። ስለሆነም ጥያቄውን በፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ልጅና ከዓመት በፊት የተለማመደው ልጅ እኩል ሊቆጠሩ አይችሉም። የአስጠኚው ገበያ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ አኃዝ ይመሰክራል። የሰተን ትረስት ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ወደ ግራመር ስኩል ከገቡት 100 ልጆች በነፃ የትምህርት ቤት ምሳ የሚያገኙት የድኾች ልጆች ከ3 ያነሱ ነበሩ። በአንጻሩ ወደ 13 የሚጠጉት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውጭ፣ በአብዛኛው ከግል መሰናዶ ትምህርት ቤቶች የመጡ ነበሩ። ጆን ጀሪምና ሳም ሲምስ በ2018 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ ከተጠኑት ልጆች መካከል አስጠኚ ከነበራቸው 70 በመቶ ያህሉ ሲገቡ፣ ካልነበራቸው የገቡት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሁሉ የአስጠኚው ሥራ ነው ማለት አይደለም። አስጠኚ የሚቀጥር ወላጅ ቀድሞውንም ገንዘብ ያለው፣ ትምህርትን የሚከታተል፣ ልጁም ተስፋ የተጣለበት ሊሆን ይችላል።

ወደ ወጪው ሲመጣ፣ አስጠኚ በሰዓት 40 ፓውንድ ቢከፈለውና በሳምንት አንድ ሰዓት ለ40 ሳምንታት ቢያስጠና፣ የዓመቱ ወጪ 1,600 ፓውንድ ይሆናል። የመሰናዶ ትምህርት ቤቱ የዓመት ክፍያ 15,000 ፓውንድ ነው ቢባል፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤቶች ላይ የተጣለው 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 18,000 ይደርሳል፤ በአራት ዓመትም 72,000 ፓውንድ ነው። ብዙ ወላጆች «አራት ዓመት ከፍለን ሰባት ዓመት በነፃ እናስተምራለን» እያሉ ይህን ሒሳብ ትክክል ያስመስሉታል። ልጁ ካላለፈ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል፤ ማለፉን ደግሞ ማንም ትምህርት ቤት ሊዋስ አይችልም።

ከዚህም በላይ የመሰናዶ ትምህርት ቤቶች ዓላማ አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ በግልጽ ለኢሌቨን ፕላስ ያዘጋጃሉ። ሌሎቹ ግን ልጆቹን እስከ 13 ዓመታቸው አቆይተው ወደ ታላላቅ የግል ትምህርት ቤቶች ለማሳለፍ የተቋቋሙ ስለሆኑ፣ በ11 ዓመቱ የሚወጣ ልጅ ለእነርሱ ከመንገድ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ወላጁ ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ልጆቹን ወዴት እንደ ላከ ሳይጠይቅ ቢያስመዘግብ፣ የከፈለው ለሌላ ዓላማ ሊሆን ይችላል።

በሌላ ወገን አስጠኚው የሚሰጠው ጥቅም ወሰን አለው። የጥያቄውን ዓይነት ማወቅ፣ ሰዓትን መጠቀም፣ የመልስ ወረቀት አሞላልን መልመድ በጥቂት ወራት የሚገኙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ልምምዱ ቢደጋገም የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሰፊ ንባብና ጽኑ የሒሳብ መሠረት የሌለውን ልጅ በመጨረሻው ዓመት በልምምድ ወረቀት ማጨናነቅ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለውን ያስታውሳል።

እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች የሚመዘኑት «የማለፍ ዕድልን የበለጠ የሚጨምረው የትኛው ነው?» በሚል ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይገባም። ትክክለኛው ጥያቄ «ልጁ ባያልፍ ምን ይቀርለታል?» የሚለው ነው። መሰናዶ ትምህርት ቤቱ ፈተናው ባይኖር እንኳ ሊመረጥ የሚገባው ከሆነ፣ ማለት ንባቡ፣ ሙዚቃው፣ የመምህራኑ ክትትል ለዚያ ልጅ የሚበጅ ከሆነና ቤተሰቡ ሳይበደር የሚከፍለው ከሆነ፣ ምርጫው አያስነቅፍም። ለአንድ ቀን ፈተና ሲባል ብቻ ቤተሰብን ማራቆት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ለብዙው ቤተሰብ የሚስማማው ልጁን በጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አቆይቶ፣ በየዕለቱ እንዲያነብ አድርጎ፣ በመጨረሻው ዓመት ልከኛ የሆነ እገዛ መስጠት ነው። ነፃ የልምምድ ወረቀቶችም ስለሚገኙ ጊዜና ትዕግሥት ያለው ወላጅ ራሱ ሊያስጠና ይችላል።

ምክር የሚጠየቅ መምህር ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይኖርበታል። አንደኛ፣ አካባቢውን መለየት ነው። ኬንትና በኪንግሃምሻየርን በመሰሉ አውራጃዎች የማለፊያ ነጥብ ተወስኖ ብዙ ልጆች ሲያልፉ፣ በአንዳንድ የለንደን ትምህርት ቤቶች ግን ያለፈው ሁሉ በነጥብ ተራ እየተቆጠረ ጥቂቶቹ ብቻ ይገባሉ፤ ለአንዱ የበቃ ዝግጅት ለሌላው ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ የድኻ ልጅ በሩ ጨርሶ እንደ ተዘጋበት አለማሰብ ነው። በበርሚንግሃም ያሉት የንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ትምህርት ቤቶች ለእንዲህ ያሉ ልጆች ዝቅ ባለ ነጥብ ቦታ የመስጠት አሠራር አላቸው። በኬንትም ለጥቂት የወደቀ ልጅ የክፍል ሥራው በርእሰ መምህራን ጉባኤ የሚመረመርበት ሥርዓት ስላለ፣ የመምህሩ ምስክርነት ዋጋ አለው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ልጁን መመልከት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ቀን ብቻ ሲነገረው የኖረ የአሥር ዓመት ሕፃን ውጤቱን የሚያነበው እንደ ፈተና ነጥብ ሳይሆን በራሱ ላይ እንደ ተላለፈ ፍርድ ነው። ይህ ፈተና በመቶዎች መካከል ብዙዎችን ያለቦታቸው እንደሚመድብ ከ1957 ጀምሮ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ሕፃኑ ግን ስሕተቱ የእርሱ እንደሆነ ያምናል። ስለዚህ ወላጁ መሰናዶ ትምህርት ቤትን ቢመርጥም አስጠኚን ቢቀጥርም፣ ከፈተናው ቀን በፊት ልጁ የሚወደደውም የሚማረውም በነጥቡ ምክንያት አለመሆኑን ሊነግረው ይገባል። ሁለተኛውንም ትምህርት ቤት አብሮት ሄዶ ያሳየው፤ መልካም ጎኑንም ያስረዳው። ይህን ምክር ወላጁ ከአስጠኚም ከመሰናዶ ትምህርት ቤትም ሊገዛው አይችልም፤ በልጁ ማለፍ የማይጠቀም፣ በመውደቁም የማይከስር መምህር ግን ያለ ዋጋ ሊሰጠው ይችላል።