ከሽንፈት በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ

ለኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ስለ እርስ በርስ ጦርነት ስንነጋገር ወሬያችን ውጊያው ላይ ያተኩራል። የትኛው ክፍለ ጦር የት እንደ ተደመሰሰ፣ ማን ማንን ከየት ከቦ እንደ መታ በዝርዝር እንተርካለን። ተኩሱ ከቆመ በኋላ አዛዦች የሚጻጻፉትን ደብዳቤ ግን የጸሐፊ ሥራ አድርገን እናልፈዋለን። ዛሬ የምሟገተው ይህንን ንቀት ነው። የተሸነፈ ወታደር ከሽንፈቱ ማግስት የሚኖረው መብትና ጥበቃ የተጻፈለትን ወረቀት ያህል ነው፤ ምንም ያልተጻፈለት ሠራዊት በአሸናፊው ቸርነት ላይ ይወድቃል። ቸርነት ደግሞ፣ ቢኖርም እንኳ፣ ተከራክረው የሚያስከብሩት ነገር አይደለም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም.ን እናስታውስ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን አገር ጥለው ወጡ። አስመራ ግንቦት 16 በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ተቆጣጠረ። በመካከሉ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ሠራዊቱን የሚያዙበት አቅም ስላልነበራቸው ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር በጣሊያን ኤምባሲ ተጠለሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሠራዊት ሲበተን፣ በሁለቱ ወገን የበላይ አዛዦች የተፈረመና መላውን ሠራዊት የሚመለከት የእጅ አሰጣጥ ውል አልነበረም። ማዕረጉ ይታወቅለታል ወይስ ይገፈፋል? ጡረታው ምን ይሆናል? ቁስለኛውን ማን ይረከባል? ከፊሉ ወደ ሱዳንና ወደ ጂቡቲ ተሰደደ፤ ከፊሉ በእግሩ ወደ አገር ቤት አዘገመ፤ ሌላው በየካምፑ ተሰበሰበ። በወሩ የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላት ማቋቋሚያ ኮሚሽን ወታደሩን እየመዘገበ ወደ ትውልድ ቀዬው መሸኘቱ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ኮሚሽኑ የሠራው በአሸናፊው ውሳኔ ነው። ወታደሩ «ቃል የተገባልኝ ይህ ነበር፤ አልተፈጸመልኝም» ብሎ የሚመዘው ሰነድ በእጁ አልነበረም።

የዚህ ተቃራኒ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጨረሻ ይገኛል። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1865 የአሸናፊው ወገን ጄኔራል ግራንትና የተሸናፊው ወገን ጄኔራል ሊ ለሁለት ቀናት ያህል ደብዳቤ ሲለዋወጡ ከርመው፣ ሚያዝያ 9 አፖማቶክስ ላይ ተገናኙ። ግራንት የጻፉት የእጅ አሰጣጥ ደብዳቤ አጭር ነው። መኮንኖች የወገብ መሣሪያቸውንና የግል ፈረሳቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለስ፤ የገባውን ቃልና የአገሩን ሕግ እስካከበረ ድረስ የመንግሥት ባለሥልጣን አይነካውም ይላል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ሁለት ወር ሳይሞላት ተፈተነች። ሊ በአገር ክህደት ተከሰሱ፤ ግራንት ግን የፈረምኩት ውል ይከበር፣ አለዚያ ሥልጣኔን እለቃለሁ ብለው ስለ ቆሙ ክሱ ሳይገፋ ቀረ። አሸናፊው ጄኔራል ተሸናፊውን ከገዛ መንግሥታቸው ያዳኑት በአንዲት ደብዳቤ ነው። በዚያው ሚያዝያ የአሸናፊው ወገን ጄኔራል ሸርማን ከተሸናፊው ወገን ጄኔራል ጆንስተን ጋር የተፈራረሙት የመጀመሪያ ውል ግን ስለ ክልል መንግሥታት ሥልጣን ጭምር ስለ ወሰነ ዋሽንግተን ሳትቀበለው ቀርታ እንደገና ተጻፈ። ወታደር ከሥልጣኑ በላይ ሲጽፍ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ የጦር አዛዥ ደብዳቤ አለቃን ለማስደሰት ወይም ራስን ለማዳን የሚጻፍ ነውና አይታመንም ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን አንድ የጦር ክፍል ደብዳቤ ብቻውን አይቆምም። ራስጌው ላይ ቁጥርና ቀን፣ ከጎኑ «ጥብቅ ምስጢር»፣ ግርጌው ላይ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም፣ ከሁሉ በታች ደግሞ «ግልባጭ» የሚል ዝርዝር አለው። ዋሾው ዋናውን ቢያጠፋ ግልባጩ ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል፤ ግልባጩ ቢጠፋ ቁጥሩ በገቢና ወጪ መዝገብ ላይ ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስ ከምስክሮች ጎን ያሰለፈው እነዚህን ወረቀቶች ነው። ክርክሩ በ1987 ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ፣ ትእዛዝ ከማን ወጥቶ ወደ ማን እንደ ወረደ ለማሳየት የራሱ የሥርዓቱ ሰነድ አገልግሏል። የቢሮክራሲው ጥንቃቄ ሳያስበው ራሱን አጋለጠ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰነድ መግለጥ ቁስል መቀስቀስ ነው፣ አገራችን ደግሞ የምትታረቀው በሽምግልናና በመሐላ እንጂ በወረቀት አይደለም የሚል። ሽምግልናን የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ሁለት ቤተሰብ ያስታርቃል፤ የመቶ ሺህዎችን ደመወዝ፣ ጡረታና የአካል ጉዳት መብት ግን በቃል ይዞ ሊቀመጥ አይችልም። መዝጋትና ማቃጠልም አንድ አይደሉም። ስሱ ሰነድ ለተወሰነ ዘመን ቢቆለፍበት አልቃወምም፤ ዘመኑ ሲደርስ የሚከፈት ነገር በሣጥኑ መኖር አለበት።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ግጭት የማቆም ስምምነት ፈረሙ። ኅዳር 3 ናይሮቢ ላይ የመከላከያው ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና የትግራይ ኃይሎች ጄኔራል ታደሰ ወረደ የአፈጻጸም ሰነድ ፈረሙ። ይህ እጅ መስጠት አይደለም፤ የሁለት ወገን ስምምነት ነው። ለክርክሬ ግን የ1983ቱን ክፍተት ያሳያል። የናይሮቢው ሰነድ የከባድ መሣሪያ ማስረከብን ከውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ውጪ ካሉ ኃይሎች መውጣት ጋር በአንድነት ያያይዛል፤ ጥር 2015 ገደማ የትግራይ ኃይሎች ከባድ መሣሪያ ሲያስረክቡም የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ተገኝተዋል። የቀረው ብዙ ነው፤ ወደየቤታቸው ያልተመለሱ ተፈናቃዮች አሉ፤ ስለ አፈጻጸሙም ሁለቱ ወገኖች ዛሬም ይወቃቀሳሉ። ወቀሳው ግን የሚካሄደው ጽሑፍ እየጠቀሱ መሆኑን አስተውሉ። በ1983 የሚጠቀስ ጽሑፍ አልነበረም።

በብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ዕቅድ መሠረት ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎች ወደ ሰላማዊ ኑሮ ይመለሳሉ፤ ሥራው በኅዳር 2017 ከመቀሌ ተጀምሯል። ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው የመሰናበቻ ወረቀት፣ የመታወቂያ ካርድና የክፍያ ደረሰኝ ነገ ልጆቻቸው የሚጠይቁት መብት ማስረጃ ነው። ከእናንተ መካከል የኮንዶሚኒየም ውሉን በላስቲክ ጠቅልሎ በቁም ሣጥን የሚያኖር አባወራ ይህን ለመረዳት ትምህርት አያሻውም። የወታደር ወረቀትም እንደዚያው ሊያዝ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የአገሪቱን ሰነዶች የሚጠብቀው ቤተ መዛግብት አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። በየቤታችሁ የአባት ወይም የወንድም የመሰናበቻ ደብዳቤ፣ የካምፕ መታወቂያ ወይም የግዳጅ ትእዛዝ ካለ፣ ዋናውን ይዛችሁ ቅጂውን እዚያ አስቀምጡ።