በድግግሞሽ ሥራ የተጎዳን እጅ ያለ መድኃኒት ስለ መጠበቅ
(ለኦቦና ለሞያሌ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)



ሰው ከባድ ሸክም አንሥቶ ወገቡን ቢጎዳ ሕመሙ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ያውቀዋል። ቀላል የሚመስለውን ሥራ በየቀኑ እየደጋገመ የእጁን ጅማት የሚጎዳ ሰው ግን፥ ነገሩ ብርድ ነው፥ አለዚያም ዕድሜ ነው እያለ ብዙ ወራት ያሳልፋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ሕመም ነው።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1713 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ ዳግመኛ ባሳተመው መጽሐፍ የጸሐፊዎችን ድካም መርምሮ ሦስት ምክንያት ሰጥቶአል፤ ይኸውም ዘወትር መቀመጥ፥ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ አኳኋን ማንቀሳቀስ፥ ስሕተት እንዳይገባም አእምሮን ማስጨነቅ ነው። በዚያን ዘመን የጽሕፈት መኪና አልነበረም። ዛሬ በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ ሠራተኛ፥ በተለመደው አጻጻፍ ከሳድሱ በቀር ለብዙው ፊደል ሁለት ጊዜ ቁልፍ መምታት ስለሚኖርበት፥ ጣቱ የሚደክምበት ምክንያት ግልጽ ነው።

በቦረና ምድር ግን ድግግሞሽ ከቢሮው ይልቅ በውሃ ጕድጓዱ ይታያል። በኢትዮጵያ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለው እንደ ዱብሉቅ ባሉት የቱላ ጕድጓዶች፥ ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር በሚደርሰው ውስጥ፥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። መቅጃው ቀድሞ ከቀጭኔ ቆዳ የሚሠራው ኦኮሌ ነበረ፤ አሁን ፕላስቲክ ተተክቶበታል። ዜማውም ለደስታ ብቻ አይደለም፤ ክንዶች ሁሉ በአንድ ልክ ስለሚሄዱ ማንም ተጣድፎ ራሱን አይጎዳም። ነገር ግን ዜማ ከጥድፊያ እንጂ ከድግግሞሽ አያድንም። በጕድጓዱ ላይ የከብቱን ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄረጋ አለ። ለከብት ተራ የሚቈጥር ሕዝብ ለክንድም ተራ መቍጠር አያቅተውም፤ ከታች የቆመው ወደ ላይ ቢወጣ፥ በቀኝ የዞረውም በግራ ቢዞር፥ አንዱ ጅማት ሲሠራ ሌላው ያርፋል።

ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነው። በእጅ አንጓ በኩል ሲያልፍ በጠባብ ሽፋን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ዕረፍት ካጣ ሽፋኑ ይወፍራል፥ ያማልም። በዚያው ጠባብ መተላለፊያ የሚሄደው ነርቭ ከተጨመቀ ደግሞ አውራ ጣት፥ ሌባ ጣትና የመካከሉ ጣት በተለይ ሌሊት ይደነዝዛሉ፤ ሴትዮዋም ጽዋ ከእጅዋ ሲወድቅባት ትደነግጣለች።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ክኒን ይሮጣል። ክኒኑ ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ሥራውን አይቀንሰውም፤ ስለዚህ ሰውየው ያንኑ እጅ እንደ ገና ያደክመዋል። እንደ ዲክሎፌናክና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት መድኃኒቶች ያለ ምክር ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኵላሊትን ይጎዳሉ፤ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ የኵላሊቱ አደጋ ይብሳል። ይህ በበጋ ወራት ውሃ በሚቸገር አገር በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሆኖም ሐኪም ያዘዘለት ሰው መድኃኒቱን በገዛ ራሱ ያቋርጥ ማለት አይደለም።

ዋናው ሕክምና ሳያም ማረፍ ነው። ሕመም እስኪመጣ ከሚጠበቅ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እጅን ዘርግቶ ማሳረፍ ይሻላል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እጀታውም ቀጭን ስለሆነ ጣትን ይቈርጣል። ጨርቅ ቢጠቀለልበት፥ አንዱንም ሞልቶ በአንድ እጅ ከመሸከም በሁለት ግማሽ ግማሽ ቢከፈል ክንዱ ይድናል። ልብስ ሰፊው መቀሱን ይሳል፤ የደነዘ መቀስ የሚጠይቀው ጕልበት ብዙ ነው። ጸሐፊውም ክርኑን ከጠረጴዛው ጋር አስተካክሎ አንጓውን ሳያጥፍ ይጻፍ። ሌሊት የሚደነዝዘው እጅ በቀጥታ እንዲቆም በስስ እንጨትና በለስላሳ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ቢደገፍ ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ቀን ግን ፈጽሞ አስሮ ማኖር ጡንቻን ያደክማል፤ ጣቶችን በዝግታ ማጠፍና መዘርጋት፥ እስከሚያም ግን አለመግፋት ይገባል። ወጌሻም ቢጠራ ያበጠውን ጅማት በኀይል እንዲያሽ ሊፈቀድለት አይገባም።

ለአለቆች አንድ ቃል አለ። ደመወዙ በተሠራው ቍጥር ልክ የሚከፈለው ሠራተኛ ዕረፍቱን ራሱ ይሰርቃል፤ ስለዚህ ዕረፍቱ በደንብ ሊወሰንለት ይገባል። እጄን አመመኝ የሚለውን ሠራተኛ ሰነፍ ከማለት ለጥቂት ሳምንት ሥራውን መለወጥ ለመሥሪያ ቤቱም ይረክሳል፤ ጅማቱ ፈጽሞ የተበላሸ ሰው ወራት ይቀራልና።

መደንዘዙ ቀንና ሌሊት የማይለቅ ከሆነ፥ በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ፥ እጁ ቀልቶ ከጋለና ትኵሳት ካለበት፥ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ከሆነ፥ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴትና የስኳር በሽተኛም መደንዘዙ እንደ ጀመረ ይመርመሩ፤ በእነርሱ ላይ ይህ የነርቭ መጨመቅ ይበዛል።