አንዱ ሲሮጥ ሌሎቹ ሲቀመጡ
(ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ የቼዝ ጨዋታ እናወራችኋለን። «ቼዝና እንጀራ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉን። ጨዋታውን ያሳዩን ልጆቻችን ናቸው፤ እኛ ግን ያየንበት የራሳችንን ጓዳ ነው።

ጊዜው 1970 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ቤልግሬድ ነው። የሶቪየት ኅብረት ቡድን ከሌላው ዓለም ቡድን ጋር በ10 ሰሌዳ አራት ዙር ገጠመ። በሁለተኛው ዙር፣ በአንደኛው ሰሌዳ፣ ዴንማርካዊው ቤንት ላርሰን ነጭ፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ቦሪስ ስፓስኪ ጥቁር ይዘው ተቀመጡ። ቀድሞ የሚጫወተው ነጭ ነው፤ በ17 እርምጃ ያሸነፈው ግን ጥቁር ሆነ።

ለምን? ላርሰን በመጀመሪያዎቹ ስድስት እርምጃዎች አንዱን ፈረስ ሦስት ጊዜ አንቀሳቀሰው፤ ፈረሱም ተበላ። ሌላው ፈረስና አንደኛው ግንብ እስከ መጨረሻው ከቤታቸው አልወጡም። ስፓስኪ ግን ሠራዊቱን በጊዜ አወጣ። ከዚያም ግንቡን ሆን ብሎ አስበላ፤ ለአንዲት ትንሽ ወታደር መንገድ ሊከፍት። ወታደሯም ጫፍ ደርሳ ንግሥት ሆነች።

ወደ እኛ እንምጣ። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የእንጀራ ትዕዛዝ ተቀብለን ምጣዱን ለሁለት እህቶች ትተን ቤታችን ተቀመጥን። አንዷ ታመመች፤ ሊጡ ኮመጠጠ፤ ደንበኛችን ሄደ። ወቀሳው ያረፈው በደከሙት ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የተቀመጥነው የእኛ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

ስለዚህ ሁለት ነገር እንድትወስኑ እንለምናለን። አንደኛ፣ ጋገራው በተራ ይሁን፤ ማንም ከተራዋ አትቅር። ሁለተኛ፣ ከመጠባበቂያችን ወጪ አድርገን ለታናሿ አዲስ አባላችን ምጣድ እንግዛላት። «ገንዘቡ ቢቀልጥስ?» የምትሉ አላችሁ፤ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ስፓስኪም ግንቡን የሰጠው መንገዱን ቆጥሮ ነው። እኛም የምትመልስበትን ቀን ቆጥረን፣ ጽፈን እንስጣት።

በመጨረሻ፣ ላርሰን በሦስተኛው ዙር ከዚያው ከስፓስኪ ፊት ተቀምጦ አሸነፈ። ቡድኑ በጠቅላላው 20½ ለ19½ ተሸነፈ፤ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። እኛም አንድ ደንበኛ አጥተናል፤ ቀጣዩ ትዕዛዝ ሲመጣ ሁላችንም ምጣዱ ዘንድ እንገኝ።