በዘር የሚወረስ የጡንቻ ሕመምና የሆርሞን ልክ በውሻ ወገኖች
(ጉናን መነሻ በማድረግ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ባለሙያ ሁሉ ጉናን በስተቀኙ ሳያይ አያልፍም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ መካከል ተቀምጦ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰዳል፤ በምሥራቅና በደቡብ የሚወርዱትን ጅረቶች ደግሞ ወደ ዐባይ ሸለቆ ያወርዳል። የመሐንዲስ ዐይን ጉና ላይ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለዚህ ውሃ ሲባል ነው። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ውሃው ሳይሆን ከጅብራው መካከል ስለጠፋ አንድ እንስሳ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገው ቆጠራ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች በጉና ላይ ነበሩ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚገኝባቸው ቦታዎች ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ስሜን፣ የሰሜን ወሎና የደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ መንዝ ጓሳ፣ አርሲና ባሌ ናቸው። ጉና ከእነዚህ መካከል የለም።

ቀይ ቀበሮ በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ለተኵላና ለውሻ የቀረበ ነው። ከባላገር ውሻ ጋር ተዳቅሎ የሚወልደውም ልጅ መካን አይሆንም፤ ይህም በባሌ በዌብ ሸለቆ ታይቷል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። እንግዲህ አንድ ቀን ወደ ጉና ይመለስ ቢባል፣ የሚመለሱት ጥንዶች ጥቂት ይሆናሉ፤ ጥቂቶች በተሰበሰቡበት ደግሞ የተደበቀ የዘር ጉድለት ይገለጣል። ይህ ጉድለት በሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት፣ በውሻ ወገን ውስጥ እጅግ በጥልቀት ከተጠናው ምሳሌ መጀመር ይገባል።

ይህ ምሳሌ ጎልደን ሪትሪቨር በሚባለው የውሻ ዝርያ ላይ የተገኘው የጡንቻ መመንመን ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎች ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን ለዩ። በሚቀጥለውም ዓመት በወንዶች ልጆች ላይ የሚታየው የዱሼን ሕመምና የውሻው ሕመም መነሻቸው አንድ መሆኑ ታወቀ። የዲስትሮፊን ሥራ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የሕዋሱን ውስጣዊ አጥንት ከውጭው ሽፋን ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ ነው ማለት ይቻላል። ማሰሪያው ሲጎድል ሽፋኑ በየመኮማተሩ ይቀደዳል፤ ከተቀደደውም ክሬቲን ካይኔዝ የተባለው ኤንዛይም ወደ ደም ይፈስሳል። ሐኪሙ ሕመሙን አስቀድሞ የሚጠረጥረው ይህ ቁጥር ከልክ ያለፈ መሆኑን አይቶ ነው። የሚሰነጠቅ ግድግዳ ከመውደቁ በፊት አቧራ እንደሚያዘንብ፣ ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጉድለቱ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለ ሆነ እናቲቱ ትሸከመዋለች፣ ወንድ ልጇ ግን ይታመምበታል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባላገሩ ቤቱን የሚያስጠብቀው በወንድ ቡችላ ነው፤ ሴቷን ብዙ ጊዜ አያሳድጋትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ የውሻ ዘር ውስጥ ቢኖር መጀመሪያ የሚታየው በተመረጠው ቡችላ ላይ ይሆናል። ነገር ግን የደከመ ቡችላ በብርድና በረኃብ ቶሎ ስለሚሞት፣ ማንም «ሞተ» ከማለት በቀር የዘሩን ነገር አይመረምርም። የመንደሩ ውሻ በዘር የተደባለቀ መሆኑም ከዚህ ሕመም በእጅጉ ሳይጠብቀው አይቀርም፤ ንጹሕ ዝርያ ይባል ዘንድ በጠባብ ክልል ውስጥ የሚዳቀለው የፈረንጅ ውሻ ግን ይህ ዕድል የለውም።

አሁን ወደ ሆርሞን እንምጣ። በዚህ ሕመም ታሪክ ውስጥ ሆርሞን ሦስት ጊዜ ብቅ ይላል።

አንደኛው የዕድገት ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በብራዚል ያሉ ሐኪሞች የዱሼን ሕመም ያለበትን፣ ነገር ግን የዕድገት ሆርሞን የጎደለውን አንድ ልጅ ታሪክ አወጡ፤ ሕመሙ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ቀሎለት ነበር። ሰውነቱ ያነሰ ጡንቻው የሚሸከመው ጭነት ያንሳል የሚለው ሐሳብ ለመሐንዲስ ጆሮ ደስ ይላል። ከዚህም በመነሣት የዕድገት ሆርሞንን የሚቀንስ ማዚንዶል የተባለ መድኃኒት ተሞከረ። በሥርዐት በተደረገው ሙከራ ግን መድኃኒቱ የሕመሙን ጉዞ አላዘገየም። መልካም ሐሳብ ሁሉ መልካም መድኃኒት እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲዞል ነው። የእርሱ ወገን የሆነው ፕሬድኒዞን የልጆቹን የመራመጃ ዕድሜ ያራዝማል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። አጥንት ይሳሳል፣ ቁመት ይገታል፣ ዕጢዎቹም ከውጭ የሚመጣውን ለምደው የራሳቸውን ማመንጨት ይተዋሉ። በታመሙት ውሾች ላይ ሲሞከር ውጤቱ ቅይጥ ሆነ፤ በአንዱ መለኪያ የተሻለው በሌላው ከፋ። መድኃኒት ከተሰጠው እንስሳ የተወሰደ የኮርቲዞል ቁጥር የመድኃኒቱን ሥራ እንጂ የእንስሳውን ጠባይ አይናገርም። ይህን የረሳ ጥናት ቁጥሩ ቢበዛም ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ሚዮስታቲን ሲሆን፣ ጡንቻ ራሱን «በቃ» የሚልበት ልጓም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊፔት በተባሉት የሩጫ ውሾች ላይ ይህን የሚያዝዘው የዘር ጽሑፍ ሁለት ፊደል ጎድሎበት ተገኘ። ጉድለቱን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰው ፈጣን ሯጭ ይሆናል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን ከመጠን በላይ ጡንቻ ያብጣል። አንዱ ጉድለት በነጠላ ሲሆን ጥቅም፣ በድርብ ሲሆን ጉዳት መሆኑ ስለ ውርስ በቀላሉ የሚፈርድን ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የተገኙት ከተያዘ፣ ከታሰረ፣ መርፌም ከለመደ ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን አይለምድም። በወጥመድ ሲያዝ ኮርቲዞሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወጣ፣ ከደሙ የሚነበበው የመያዙ ድንጋጤ እንጂ የኑሮው ልክ አይደለም። መለኪያው የሚለካውን ነገር ሲለውጠው መለኪያውን መለወጥ ግድ ነው። ስለዚህ በባሌ የሠሩት ተመራማሪዎች ደሙን ትተው ዐይነ ምድሩን ሰበሰቡ። በደም ውስጥ በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ የሚለው ሆርሞን በዐይነ ምድር ውስጥ ተከማችቶ የብዙ ሰዓት አማካይ ሆኖ ይወጣል። ሆኖም ናሙናው ትኵስ መሆን አለበት፤ ባክቴሪያ ሆርሞኑን ይበላዋልና። እርጥበቱም ቁጥሩን ስለሚያዛባ በደረቅ ክብደት ይሰላል። ከሁሉም በላይ ዐይነ ምድሩ የየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ ተከትሎ ያየ ሰው ሊኖር ይገባል። የቤተ ሙከራው ሥራ ከዚህ ጥበቃ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ መንገድ የወንዶቹ ቴስቶስቴሮን ከነሐሴ ጀምሮ በሚውለው የመራቢያ ወራት እንደሚጨምር ታወቀ። በሴቶቹ ዘንድ ደግሞ የኤስትሮጅን ከፍታ የታየው በመንጋዋ እመቤት ላይ ነው። ታናናሾቹ ሴቶች በአብዛኛው አይወልዱም፤ ይልቁንም የእመቤቲቱን ልጆች ይጠብቃሉ፣ አንዳንዶቹም ያጠባሉ። መንጋው ከሦስት እስከ ዐሥራ ሦስት አዋቂዎች ሊይዝ ይችላል፤ ወላጇ ግን አንዲት ናት። ዐሥር ቀይ ቀበሮ ቈጥሮ ዐሥር ወላጅ አለ ብሎ ያሰላ ሰው ስሌቱ ከመሠረቱ የተሳሳተ ይሆናል።

ተፈጥሮ ለዚህ ጥበት ያበጀችው ማምለጫ አለ። በባሌ በተደረገ ክትትል ከታዩት ግንኙነቶች እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት ሴቲቱ ከጎረቤት መንጋ ወንድ ጋር ያደረገቻቸው ነበሩ። በዚህም የዘመድ ጋብቻ ይቀንሳል። ማምለጫው የሚሠራው ግን ጎረቤት መንጋ ሲኖር ነው። በጉና ዙሪያ የገብስ ማሳውና የግጦሹ መሬት ወደ ላይ እየወጣ ተራራውን ደሴት አድርጎታል። በደሴት ላይ የሚሆነውን ደግሞ በአሜሪካ የምትገኘው አይል ሮያል አሳይታለች። በዚያች ደሴት የተኵላዎቹ አከርካሪ በዘር ጉድለት ተጣምሞ ተገኘ፤ ቁጥራቸውም እየወረደ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ብቻ ቀሩ። ከ2018 ጀምሮ ከሌላ ስፍራ አዳዲስ ተኵላዎችን ማምጣት ግድ ሆነ።

የዘር ጉዳይ ይህን ያህል ቢከብድም፣ በቅርቡ የሚገድለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል። በሽታውን ያመጣው ከብት ተከትሎ ወደ ደጋ የሚወጣው የባላገር ውሻ ነው። የዘር ጉድለት በትውልድ ይሠራል፤ ይህ ግን በሳምንታት። ስለዚህ ስለ ጉና የሚያስብ ሁሉ ከተራራው በፊት መንደሩን ማየት ይኖርበታል። በጋሳይ፣ በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያለው ውሻ ስንት ነው? ከክረምት እስከ በጋ የት ድረስ ይወጣል? ስንቱስ ተከትቧል? ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ መዝገብ፣ ክትባቱን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆይ ሣጥን፣ በየመንደሩም ውሻውን በስሙ የሚያውቅ ሰው ይበቃዋል። የሆርሞን ናሙናው ጠርሙስ የሚሰናዳው ይህ መዝገብ ቢያንስ ሁለት ክረምት ካለፈው በኋላ ነው፤ ያኔም የመጀመሪያው ናሙና ከቀይ ቀበሮ ሳይሆን ከእነዚሁ የመንደር ውሾች ቢወሰድ፣ ሰብሳቢዎቹ እጃቸውን ያፍታታሉ፣ ለንጽጽር የሚሆን ልክም ይገኛል።