ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል



ዛሬ ጊደር መጋላ የተሰበሰብነው ስለ ኮምፒዩተር ልንነጋገር ነው። ከሥጋ ተራ ገዝታችሁ የመጣችሁ ግን አስቀድማችሁ ዘንቢላችሁን ሸፍኑ፤ የዚህ ገበያ ጭልፊት ንግግር አያከብርም።

ከፈረስ መጋላ ወደዚህ የሚያመጣው መንገድ መኪና ግርግር የተባለው በልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ ያለ ሰፊ መኪናው ቀጥ ሲልበት ምን ያደርጋል? ሞተ ብሎ አይጥለውም። መጀመሪያ ክሩን ያያል፤ ቀጥሎ መርፌውን፤ ከዚያ ቺንጋውን። ድምፁን ሰምቶም የት ላይ እንደያዘው ያውቃል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ክረምት የአንዲት የሰፈራችን እናት ኮምፒዩተር አልነሣ አለ። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም። ልጆቻቸው ግን አባታቸው የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ፣ የድሮ የሠርግ ዘፈን ሲያዜሙ ድምፃቸውን ቀድተው እዚያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰዱት። እሱም ገና ሳይከፍተው «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን አጥፍቶ ዲስኩን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ማለት ነው። ለእኚህ እናት ደግሞ የባላቸውን ድምፅ ማጥፋት ማለት ነው። ደግነቱ ልጃቸው «ቆይ እስቲ» ብሎ መልሶ ይዞት መጣ።

ታዲያ ምን አደረግን? መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ ጠየቅን። ኮምፒዩተር ሲነሣ ሦስት ደረጃ ያልፋል። መብራት ያገኛል፤ ራሱን ይመረምራል፤ ከዚያ በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ያነባል። የቆመበትን ደረጃ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቁልፉን ስትጫኑ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ማራገቢያውም ካልዞረ፣ ነገሩ የመብራት ነው። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አንነግራችሁም። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ኃይል ተመልሶ ሲመጣ ድንገት ሊዘል ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ገመዱን ንቀሉት። አልነሣ ካለ ደግሞ በዚያው ሶኬት ላይ የጠረጴዛ መብራት ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ማከፋፈያውን ትታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማብሪያም እዩ፤ ስንቱ ሰው ቤት ሲጠረግ በመጥረጊያ ተነክታ ጠፍታለች! ይህ ሁሉ ካልሠራ ገመዱን ነቅላችሁ የማስነሻውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫኑትና እንደገና ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ውስጡ የቀረው ኃይል ሲወጣ የሚነሣ ብዙ ነው። ኃይል የሚያከፋፍለውን የብረት ሣጥን ግን አደራ እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ውስጡ ይቆያል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነስ? የስክሪኑን ገመድ በሁለቱም ጫፍ አጥብቁ። ከዚያ ጆሮ ስጡ። አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ካወጣበት ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ መኪናዎች ራሳቸውን መርምረው ደህና ከሆኑ አንዴ አጭር ጢጥ ማለት ለምደዋል፤ ደጋግመው ከጮሁ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። የጩኸቱ ትርጉም እንደ ሠሪው ይለያያል። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጥፋት ራም የምትባለው ሰሌዳ መላላቷ ወይም አቧራ መያዟ ነው። ገመዱን ንቀሉ፤ እጃችሁን የሳጥኑን ብረት አስነኩ፤ ሰሌዳዋን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሷን በተማሪ ላጲስ በቀስታ ጥረጉና እስክትይዝ ድረስ መልሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር፦ ኮምፒዩተሩን በግድግዳው መደርደሪያ ውስጥ ጠልቆ እንዲቀመጥ የምታደርጉ አላችሁ። ለዓይን ያምራል፤ ማራገቢያው ግን አየር ያጣል። ነደባው ላይ ይሻለዋል፤ ምንጣፉ ግን ቀዳዳውን እንዳይደፍነው።

የእናታችን ኮምፒዩተር ማራገቢያው ዞረ፤ አንዴ ጢጥ አለ፤ ከዚያ በጥቁር ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። የሚነሣበት ዲስክ አላገኘም ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታዩ አትደንግጡ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና ለሚያነብ ሰው አሳዩ። ሁለቱን ደረጃ አልፎ ሦስተኛው ላይ ቆሟል ማለት ነው። ግን ዲስኩ ሞቷል ማለት አይደለም! ሰዓቱን ብናይ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ነገሩ ገባን። በውስጡ ሲአር 2032 የምትባል እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ አለች። 20ው ስፋቷ በሚሊ ሜትር ነው፤ 32ቱ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራል፤ ኃይሏ 3 ቮልት ነው። እሷ ስትደክም ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን ይረሳል፤ የቱን ዲስክ አስቀድሞ እንደሚያነብም ይረሳል። ከጀርባው ደግሞ ማንም ያላስታወሳት ፍላሽ ተሰክታ ነበር። ለካስ ከእሷ ልነሣ ብሎ ነው የቆመው።

ፍላሿን ነቀልን፣ ባትሪዋን ቀየርን፣ የትኛውን ዲስክ ማንበብ እንዳለበት ነገርነው። ተነሣ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢያሰማ ኖሮ ግን እንዲህ አንሞክርም ነበር። ያን ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው አጥፉት፣ ደጋግማችሁም አታስነሡት። በተነሣ ቁጥር ይብስበታል። ከዲስክ ላይ ፋይል ማውጣት ወደሚችል ሰው ውሰዱት፤ ፋይሉም ሳይወጣ ፎርማት ይደረግ ለሚል ሰው እሺ አትበሉ።

አንድ የሚያስቅ ነገርም ገጠመን። ልጅቷ ሰዓቱን ስታስተካክል ዓመቱን 2017 አለችው። የኢንተርኔት ገጾች በሙሉ አልከፍት አሉ። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ያን ጊዜ 2025 ነበር። ገጾቹ የሚያሳዩት የማረጋገጫ ሰነድ በእሱ ሰዓት ገና ያልደረሰ ሆኖበት ነው የከለከላት። እኛም ሰዓቱን ከሌሊቱና ከቀኑ ጋር እስክናስማማ ትንሽ ተቸገርን።

ከዚያ ሌላ ነገር ሳንነካ የአባትየውን ድምፅ በሁለት ፍላሽ ቀዳን። አንዱ እናትየው ዘንድ ነው፤ ሌላው ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ቤት ተቀምጧል።